መከላከል ወይስ መከለል? በአንድ የሕክምና ትርጉም ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

አንድ የሙያ ስያሜ በቃላት ዝርዝር ውስጥ ለብቻው ቆሞ ሳለ እንከኑ አይታይም። ከዐረፍተ ነገር ገብቶ ከሌሎች ቃላት ጎን ሲሰለፍ ግን ጠባዩ ይገለጣል፤ አንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ይስማማል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከጎረቤቱ ፍቺ ጋር ተጋጭቶ አንባቢውን ያደናግራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ረቂቅ ትርጉም ይህንኑ በጉልህ የሚያሳይ ነው። ረቂቁ አጥንት ለማብቀል በሕዋሳት አማካይነት የሚሰጥ የዘረመል ሕክምና በሰውነት የመከላከል ምላሽ እንዳይጠፋ ስለሚደረግለት ጥበቃ የሚያትት ሲሆን፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰው ለሕክምና ተማሪዎች ንባብ እንዲሆንና ለሕሙማን ለሚዘጋጁ የስምምነት መግለጫዎች በናሙናነት እንዲያገለግል ታስቦ ነው። ተርጓሚው አስተያየታችንን ስለ ጠየቀንና የቃላቱን ጉዳይ በአደባባይ እንድንወያይበት ስለ ፈቀደልን፣ ስሙን ሳንጠቅስ ሒሳችንን ለአንባብያን እናቀርባለን።

የምንተቸው ሰውየውን አይደለም፤ ስያሜዎቹንም ቢሆን ብዙዎቹን እሱ አልፈጠራቸውም። በጋዜጣ፣ በራዲዮና በመማሪያ መጻሕፍት ሲዘዋወሩ የኖሩ ናቸው። ጉዳዩን አሳሳቢ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በልማድ የተቀበልናቸው ቃላት አንድ ሕመምተኛ አንብቦ በሚፈርምበት ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ምን ይላሉ? ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

1. ስለ ነገሩ

ስም የሚወጣለትን ነገር ሳያውቁ ስም ማውጣት አይቻልምና አስቀድመን ነገሩን ባጭሩ እንግለጽ። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ማርሻል ዩሪስት እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ጥናት፣ ማዕድኑ የተወገደለት አጥንት በእንስሳት ጡንቻ ውስጥ ሲቀመጥ በሥፍራው አዲስ አጥንት እንደሚበቅል አስታወቀ። የዚህ ኃይል ምንጭ የሆነው ፕሮቲን በ1971 ስም ወጣለት፤ በ1988 ደግሞ የዚህ የፕሮቲን ቤተሰብ ዘረመሎች ተለይተው ታወቁ። በ2002 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከቤተሰቡ ሁለተኛ ቁጥር የተሰጠው ፕሮቲን በኮላጅን ስፖንጅ ተነክሮ የጀርባ አከርካሪን ለማጋጠም እንዲያገለግል ፈቀደ። ይሁን እንጂ ፕሮቲኑ ከተቀመጠበት ሥፍራ ፈጥኖ ስለሚበተን በሚሊግራም በሚለካ ከፍተኛ መጠን መስጠት ግድ ሆነ፤ በ2008 ይኸው መሥሪያ ቤት መድኃኒቱ በአንገት አከርካሪ ላይ ሲውል ለሕይወት የሚያሰጋ እብጠት ሊያስከትል እንደሚችል አስጠነቀቀ።

ከዚህ ችግር ለመውጣት ከታሰቡት መንገዶች አንዱ ፕሮቲኑን በስፖንጅ ከመስጠት ይልቅ ፕሮቲኑን የሚሠሩ ሕዋሳትን በሥፍራው ማኖር ነው። በቴክሳስ፣ በሂዩስተን ከተማ የሚገኙት የቤይለር የሕክምና ኮሌጅና የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ሥራ፣ የፕሮቲኑን ዘረመል በአዴኖቫይረስ አማካይነት ከሰውነት ውጭ ባሉ ሕዋሳት ውስጥ ካስገቡ በኋላ፣ ሕዋሳቱን በጥቃቅን የሃይድሮጄል እንክብሎች ውስጥ አድርገው በመርፌ ለአይጦች ጡንቻ ሰጡ። በእንክብሎቹ ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕዋሳት በሕይወት ተገኙ፤ ሽፋን ካልተደረገላቸው ሕዋሳት ይልቅም ሥራቸውን ለረዥም ጊዜ ቀጠሉ። በጡንቻው ውስጥ በመጀመሪያ ልም አጥንት፣ ቀጥሎም አጥንት በቀለ።

ሽፋኑ ያስፈለገበት ምክንያት ለስያሜው ጉዳይ ዋነኛ ነው። ከሌላ አካል የተወሰዱ ሕዋሳት ለተቀባዩ ሰውነት ባዕድ ናቸው፤ በአዴኖቫይረስ የተነኩ ሕዋሳት ደግሞ የቫይረሱን ምልክት ስለሚያሳዩ የሰውነቱ ዘብ ይነሣባቸዋል። የሃይድሮጄሉ ጥልፍልፍ ምግብና ኦክሲጅንን ወደ ውስጥ፣ ፕሮቲኑን ወደ ውጭ ያሳልፋል፤ ሕዋሳቱ እንዳይወጡ፣ የመከላከያ ሕዋሳትም እንዳይገቡ ያግዳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በ1980 ኢንሱሊን የሚሠሩ የጣፊያ አቅራቢያ ዕጢ ሕዋሳትን ከባሕር አረም በተገኘ ጄል ሸፍኖ የስኳር በሽታ ባለባቸው አይጦች ላይ የመሞከሩ ውጤት ታትሟል።

2. መከላከልን መከላከል

ተርጓሚው ንቅለ ተከላን፣ ልም አጥንትን፣ ሕዋስን በተገቢው ቦታ አስገብቷል፤ ፕሮቲንንና ቫይረስን ያለ አላስፈላጊ ጭንቀት በውሰት ተቀብሏል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከረቂቁ የመጀመሪያ ገጽ የሚከተለውን እናገኛለን፤ «ሕዋሳቱን ከበሽታ መከላከያው ሥርዓት መከላከል የበሽታ መከላከያውን እንቢታ ይከላከላል።»

በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ግሥ በልዩ ልዩ ቅርጽ አራት ጊዜ መጥቷል። ጥፋቱ የድግግሞሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአጻጻፍ ጉድለት ነው ብለን ባለፍነው ነበር። ዋናው ችግር በግሡ ጠባይ ላይ ነው። ተከላከለ የሚለው ግሥ «ን» የሚለውን ምዕላድ ተከትሎ ሁለት ተቃራኒ ተሳቢዎችን ይቀበላል። «አገሩን ተከላከለ» ስንል ተሳቢው የሚጠበቀው ነገር ነው፤ «ጠላትን ተከላከለ» ስንል ግን ተሳቢው የሚመከተው ነገር ነው። በዕለት ንግግራችን ማን ጠላት፣ ማን ወዳጅ እንደ ሆነ ስለምናውቅ አንሳሳትም። በረቂቁ ግን ጠባቂው ራሱ አጥቂ ሆኗል፤ የሰውነት ዘብ መድኃኒቱን የሚያጠፋ ኃይል ነው። ስለዚህ «ሕዋሳቱን መከላከል» የሚለው ሐረግ ሕዋሳቱን መጠበቅ ነው ወይስ ሕዋሳቱን መመከት? ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ የሚፈጸሙ ድርጊቶች ስለ ሆኑ ዐውዱ ሊያድነን አይችልም።

እንደ እኛ አስተያየት መፍትሔው ሥራውን ለሁለት ግሦች ማካፈል ነው። መከላከል ለሰውነት ዘብ ይሁን፤ ሰው ሠራሹ ጥበቃ ግን መከለል፣ መሣሪያውም ከለላ ይባል። ከለለ የሚለው ግሥ በመካከል አንድ ነገር አቁሞ ማገድን ስለሚያመለክት ከእንክብሉ ሥራ ጋር ይስማማል፤ ተሳቢውም ምንጊዜም የሚጠበቀው ነገር ነው። «የሕግ ከለላ» የሚለው አነጋገር አለ ተብሎ መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። ለዚህ መልሳችን ቀጥሎ በምንገልጸው መመዘኛ ላይ የተመሠረተ ነው።

3. ስለ መመዘኛው

ቃል ብዙ ፍቺ ስላለው ብቻ ለስያሜነት አይበቃም ማለት ስሕተት ነው። ሕዋስ በጥንቱ አነጋገር የስሜት መሣሪያ ነው፤ አምስቱ ሕዋሳት እንላለን። በፖለቲካ ድርጅት ቋንቋ ደግሞ አነስተኛ የአባላት ስብስብ ነበር። ሆኖም የሥነ ሕይወት ተማሪ በሕዋስ ሲደናገር አላየንም። ምክንያቱም እነዚህ ፍቺዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የመገናኘት ዕድል የላቸውም።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ቃሉ ሌላ ፍቺ አለው ወይ?» የሚል ሳይሆን፣ «ሌላው ፍቺ በዚያው ጽሑፍ፣ ለዚያው አንባቢ ትርጉም ሊሰጥ ይችላል ወይ?» የሚል ነው። የሕግ ከለላ ከአጥንት ሕዋስ ጋር ስለማይገናኝ ከለላ በዚህ መመዘኛ ያልፋል። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ስያሜዎች ግን የሚወድቁት በዚሁ መመዘኛ ነው።

4. በሽታ የሌለበት በሽታ መከላከያ

«የበሽታ መከላከያ ሥርዓት» የሚለው ስያሜ ለክትባት ትምህርትና ለኤድስ መከላከል ዘመቻ ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ሆኖም ሥርዓቱ የሚለየው በሽታንና ጤናን ሳይሆን የራስንና የባዕድን መሆኑን የንቅለ ተከላ ሳይንስ አስተምሯል። ፒተር ሜዳዋርና ማክፋርሌን በርኔት በ1960 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ሰውነት ባዕድን መታገሥ ሊማር የሚችል መሆኑን በሚመለከት ሥራቸው ነበር። የተተከለ ኩላሊት በሽታ አይደለም፤ አጥንት የሚያበቅል ሕዋስም በሽታ አይደለም። «የበሽታ መከላከያው ሕዋሳቱን ያጠቃቸዋል» የሚል አንባቢ ያለ ጥርጥር ሕዋሳቱ በሽታ አምጪ ናቸው ብሎ ይደመድማል። የሚፈርመው ሕመምተኛ እንዲህ ከደመደመ ከመፈረም ቢታቀብ ሊፈረድበት አይገባም።

«በሽታ» የሚለውን አስወግደን «የሰውነት መከላከያ ሥርዓት» ብንል ምንም አይጎድልብንም፤ ይህም አዲስ ፍጥረት ሳይሆን አሁንም በሰፊው የሚሠራበት ስያሜ ነው።

5. እንቢ ያለው ማን ነው?

ለባዕድ አካል መጣል ረቂቁ «እንቢታ» የሚለውን መርጧል፤ በሁለት ቦታ ደግሞ «አለመቀበል» ብሏል። እንቢታ ፈቃድ ያለው አካል የሚፈጽመው ድርጊት ነው። በስምምነት መግለጫ ላይ ደግሞ ፈቃድ ያለው አካል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሕመምተኛው። «እንቢታ ከተከሰተ መድኃኒት ይሰጣል» የሚለውን የሚያነብ ሰው ምን ይረዳል? ሕክምናውን እንቢ ካልኩ ሌላ መድኃኒት ይሰጡኛል ብሎ ሊረዳ ይችላል። ከዚህም የከፋው፣ እንቢ ብልም አይለቁኝም ብሎ ሊፈራ መቻሉ ነው። «አለመቀበል»ም ከዚህ አያመልጥም፤ «ሕክምናውን ያለመቀበል መብት» በዚያው ወረቀት ላይ መጻፉ ግዴታ ነውና።

ሕዝቡ ስለ ችግኝ ሲናገር ያዘ ወይም አልያዘም ይላል። ንቅለ ተከላ የሚለው ስያሜ ራሱ ከእርሻ የተወሰደ ስለ ሆነ ይህ አነጋገር በቤቱ የሚገኝ ነው። ነገር ግን «አለመያዝ» ምክንያቱን አይናገርም፤ ችግኝ በውሃ እጥረትም በአፈር ጠባይም ላይይዝ ይችላል፤ የተተከለ ሕዋስም ደም ሳይደርሰው ቀርቶ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አለመያዝን ለጠቅላላው ውድቀት ማቆየትና ለዚህኛው ልዩ ምክንያት «ባዕድን መግፋት» ማለት የተሻለ ነው እንላለን። ገፋ የሚለው ግሥ ግፍን ያስታውሳል፤ ወተት መግፋትም አለ፤ ሆኖም ሁለቱም በመመዘኛችን አይወድቁም፤ «ባዕድን» የሚለው ተሳቢ በአጠገቡ እስካለ ድረስ ገፊው ሰውነት እንጂ ሕመምተኛው እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

6. ፈጣሪና አብቃይ

ዩሪስት ያገኘው ፕሮቲን በረቂቁ «አጥንት ፈጣሪ ፕሮቲን» ተብሏል። ፈጣሪ የሚለው ቃል በአማርኛ ተናጋሪው ልብ ውስጥ ለማን እንደ ተወሰነ ማስረዳት አያስፈልግም። «በጡንቻዎ ውስጥ ፈጣሪ ፕሮቲን እንጨምራለን» የሚለውን የሚሰሙ አረጋዊ የሚያማትቡት ሳይንስን ስለ ጠሉ አይደለም፤ ቋንቋውን ስለሚያውቁ ነው። ከዚህ ሌላ ስያሜው ሐሰት አለበት፤ ፕሮቲኑ አጥንቱን አይሠራም፤ የሚያደርገው በሥፍራው ያሉት የራስ ሕዋሳት አጥንት እንዲሠሩ መቀስቀስ ነው።

ለድርጊቱ ደግሞ ረቂቁ «የአጥንት ዕድገት» ይላል። ዕድገት ያለው ነገር ሲጨምር ነው፤ የሕፃን አጥንት ያድጋል። ባልነበረበት ሥፍራ ሲወጣ ግን ጥርስም፣ ጠጉርም፣ ቀንድም ይበቅላል እንጂ ያድጋል አንልም። ስብራቱም ሲድን ገጠመ እንላለን። ወጌሻ ስብራትን፣ ውልቃትንና ወለምታን ለይቶ እየጠራ በኖረበት አገር ሦስቱን ድርጊቶች በአንድ ዕድገት ማጠቃለል የቋንቋውን ሀብት መጣል ይሆናል። ማደግ፣ መግጠም፣ መብቀል ይለዩ። ከመብቀልም «አ» በሚለው የአድራጊ ምዕላድ ማብቀልን እናገኛለን፤ ከዚያም «አጥንት አብቃይ ፕሮቲን» የሚለው ስያሜ ይወጣል። ገበሬ አብቃይ ነው፤ እህሉን ግን አልፈጠረም። ቃሉ የሚለው ፕሮቲኑ የሚያደርገውን ያህል ብቻ ነው።

7. ዘረመልን ማከም ወይስ በዘረመል ማከም

ጂን፣ በራሂና ዘረመል የሚሉት ሦስቱም በጽሑፎቻችን ይገኛሉ። ጂን ሲነገር ጂኒን ያስታውሳል፤ «የጂን ሕክምና» ሲባል ጂኒ ያደረበትን ሰው ማከም የሚመስለው አድማጭ ስለማይጠፋ ውሰቱ በመመዘኛችን ይወድቃል። በራሂ፣ በርሀ የሚለውን የግዕዝ ግሥ ከማስታወስ በቀር ለተራ አንባቢ አይናገርም። ተርጓሚው ዘረመልን መምረጡ ትክክል ነው።

ይሁን እንጂ «የዘረመል ሕክምና» በማለቱ «የ» የሚለው ምዕላድ አስቸግሮታል። የዓይን ሕክምና የሚታከመው ዓይን መሆኑን ያሳያል፤ የጨረር ሕክምና ግን የሚታከምበት ጨረር መሆኑን ያሳያል። «የዘረመል ሕክምና» ከየትኛው ነው? ቃሉ ዘርን በግልጽ ስለሚሸከም አንባቢው ወደ መጀመሪያው ያዘነብላል፤ ዘሬን ሊለውጡብኝ ነው፤ ልጆቼ ምን ይሆናሉ? ይላል። በያዝነው ዘዴ ግን ዘረመሉ የገባው ከሰውነት ውጭ ባሉ ሕዋሳት ነው፤ አዴኖቫይረስ የሚያደርሰውም ዘረመል እንደ አንዳንድ ቫይረሶች ከሕዋሱ ክሮሞሶም ጋር የሚጣበቅ ስላልሆነ ሥራው ጊዜያዊ ነው። ይህን ሁሉ ፍርሃት አንዲት ምዕላድ ልታስወግደው ትችላለች፤ «በዘረመል ማከም» ይባል። በዚሁ ረገድ «ሕዋስ መር» የሚለው ቅጽል ገበያ መር ከሚለው የተቀዳ ይመስላል፤ ሕዋሳቱ ግን መሪ ሳይሆኑ መሣሪያ ናቸው። «በሕዋሳት አማካይነት» ማለት ይበቃል።

ለቫይረሱ የተሰጠው «ተሸካሚ» የሚለው ስያሜም አይስማማንም። የቫይረስ ተሸካሚ በአገራችን የታወቀ ፍቺ አለው፤ ብዙ ሰውም ቆስሎበታል። «አስተላላፊ»ም የወባ ትንኝ ስም ነው። ዘረመሉን ወስዶ ለሕዋሱ የሚሰጥ ስለ ሆነ «አድራሽ ቫይረስ» ብንለው ሥራውን ይገልጻል። ይህን ስንል አደጋ የለበትም ለማለት አይደለም። በ1999 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሌላ የዘረመል ሙከራ፣ አዴኖቫይረስ በቀጥታ የተሰጠው የ18 ዓመቱ ጄሲ ጌልሲንገር ሰውነቱ ባስነሣው ኃይለኛ ምላሽ ሕይወቱ አልፏል። እንዲህ ያለው አደጋ በመግለጫው በግልጽ ዐረፍተ ነገር መነገር አለበት፤ በስያሜ ጥላ ውስጥ ተደብቆ ማስፈራራትም፣ ማባበልም የለበትም።

8. የታሸገና የተከለለ

በመጨረሻም ሕዋሳቱን በሃይድሮጄል መሸፈን በረቂቁ «ማሸግ» ተብሏል። የታሸገ ነገር ምንም አያሳልፍም፤ የታሸገ ሕዋስ ይሞታል፤ ፕሮቲኑም አይወጣም። የዘዴው ጥበብ ማሳለፍና ማገድን በአንድነት መያዙ ነው። ይህን የሚያደርግ መሣሪያ በየቤቱ ተሰቅሏል፤ ወንፊት ዱቄቱን አሳልፎ ገለባውን ያስቀራል። ስለዚህ «ወንፊት መሰል ከለላ» እንላለን። ሃይድሮጄል ራሱ በውሰት ይቆይ፤ ተርጓሚው በአንድ ቦታ «ዝልግልግ» ያለው ልክ አይደለም፤ ዝልግልግ ይፈሳል፤ ይህኛው ቅርጹን ይጠብቃል።

9. ማጠቃለያ

«ሁሉን በውሰት ብንተው አንድም አያደናግርም ነበር» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ለእርስ በርስ መነጋገሪያ እውነት ነው። ነገር ግን የማያደናግረው የማይናገር ስለ ሆነ ነው፤ የማይናገር ቃል ላይ የተፈረመ ፊርማም ስምምነት ሊባል አይችልም። በሌላው ወገን፣ ሁሉን ከግዕዝ እናውጣ የሚሉትም ተመሳሳይ ዝምታ ያተርፋሉ። የእኛ ምርጫዎች ከዕለት ቋንቋ የተወሰዱት ሕዝባዊ ለመምሰል ሳይሆን፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ተሟጋቹ፣ ዘቡና ባዕዱ ሳይለዩ ነገሩ ስለማይገባ ነው።

በረቂቁ የመጀመሪያ ገጽ ያለው ሐሳብ በእኛ አቀራረብ እንዲህ ይነበባል፤ «አጥንት አብቃዩን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል በአድራሽ ቫይረስ ወደ ሕዋሳት ይገባል። ሕዋሳቱ ለሰውነት ባዕድ ስለ ሆኑ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ሊገፋቸው ይችላል። ይህ እንዳይሆን ወንፊት መሰል ከለላ ይደረግላቸዋል፤ ከለላው ፕሮቲኑን ያሳልፋል፤ የመከላከያ ሕዋሳትን ግን አያስገባም።»

ጥያቄ ያልፈታንለት ስያሜ እንዳለ አንክድም። «ባዕድን መግፋት» ሐረግ እንጂ ነጠላ ቃል አይደለም፤ ከእሱ ቅጽል ለማውጣት የሚፈልግ ተርጓሚ ይቸገራል። የተሻለ ያለው ያምጣ፤ ነገር ግን ከመላኩ በፊት ቃሉን ከስምምነት መግለጫ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ፣ ሐኪም ላልሆነ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብለትና «እንቢ ያለው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቀው።